የሐምሌ ሣር

ሠላሳ ዓመት ቆሜ፣ ትሪ በመዳፌ፣
ኮምቦልቻ ሆቴል፣ በወንበር አልፌ፣
ያን የሐምሌ ቴኒስ ያየሁት ቆራርጬ፤
ግማሹን ከጓዳ፣ ግማሹን አፍጥጬ፣
ከመንገድ መሐንዲስ፣ ከእንግሊዙ ኋላ፣
ራሰ በራው ጋርዶኝ የሜዳውን ገላ።
«ወተት ከሻይ ይቅደም፤ የኪያሩ ዳቦ ጠርዙ ይነሳ፤
ነጥብ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ቃል አያንሳ።»

ዘንድሮ ጡረታ። ዘንድሮ ደሴ ነኝ።
ሮቢት ካለች ቤቴ፣ እንግዳ አማረኝ።
ተቀምጬ ልይ አልኩ፣ እንደ ሰው፣ እንደ ጌታ፣
ከፊት፣ ከመሐሉ፣ በራሴ ቦታ።
ሰባት ካርድ ጻፍኩኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ቅዳሜ፣ አስር ሰዓት፤ ይምጣ ሰው በሙሉ ነጭ ልብሱን አውጥቶ።»

ካርዱ ሰባት ነበር፤ ሰዉ ሃያ ሦስት ሆነ፤
ደሴ ላይ ጥሪና ዝናብ መቼ ተመጠነ!
ሙሄ በጀለቢያ፣ አስካል በነጠላ፣
አራጋው ልኳንዳው በነጭ ካፖርቱ፣ ደም የነካው ኋላ፤
«ነጭ ነው» ብሎ ማለ። እኔም ይሁን አልኩት፤
ዛሬ አስተናጋጅ ነኝ፣ ዳኝነቱን ተውኩት።

እንጆሪ በክሬም ነው የዚያ አገር ሥርዓት፤
ሰኞ ገበያ ወርጄ በለስ ነው ያገኘሁት፣
በቢላ ገፍፌ፣ እርጎ አፈሰስኩበት።
ጦይባ ቀመስ አርጋ፦ «ቆመው ነው እንጂ፣ በለስ በማንኪያ?» አለች፤
ሳህኗን ደገመች፣ ኋላም አሠለሰች።

አንዷ ባለ ሹሩባ፣ አንዷ ነጭ ቆብ ደፍታ፣
«መነኩሲቷ!» ተባለች ገና ሳትመታ።
እኔ ጣቴን ከአፌ፣ እንደ መሐንዲሱ፤
ማን ይስማኝ! ሙሄ በዱአው፣ አስካል በእልልታ፣ ልጆች በጩኸት ነገሡ።
ነጥብ ላስረዳ አልኩ፦ «ባዶ ‹ፍቅር› ይባላል በቴኒስ ቋንቋቸው።»
ይመር ከጥግ ሆኖ፦
«አርባ ለፍቅር? አርባው ጥሎሹ ነዋ! አላበዙም፣ ደግ ናቸው።»

ወንበሬስ? ያች ከፊት፣ ከመሐል ያኖርኳት?
የአስካል የልጅ ልጅ ተኛባት።
ወተት፣ ከዚያ ሻይ፣ ወተት፣ ከዚያ ሻይ፣ በትሪ ስመላለስ፣
እሷ ኳስ ስታቀብል፣ እኔ ስኒ ሳደርስ፣
በአራጋው ትከሻ፣ በጦይባ ሻሽ ጫፍ፣
አየሁ የኳስ ሽራፊ፣ ድንገት ብልጭ ሲል፣ ሲያልፍ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ አምስት እኩል ሲሉ፣ ከጦሳ ጉም ወርዶ፣
ድው አለ ነጎድጓድ። መብራት ጠፋ።
ቀረ ሃያ ሦስት አንገት ወደ ግራ ሄዶ።

ኮምቦልቻ ያለች የሙሄ ልጅ ሰዓዳ፣ መብራት አላት አሉ፤
ስልክ ተደወለ፣ ትሪዬ ላይ ተቀመጠ።
ያን ጊዜ ዝም አሉ።
እንግሊዙ ሲመኘው የኖረው ዝምታ፣
አሁን መጣ፣ በጨለማ፣ ቆርቆሮው በዶፍ ሲመታ።
«ሹሩባዋ መታች። መለሰችላት። ግራ። ቀኝ። መረብ ነካ... አይ፣ አለፈ!»
በየቃሏ አንገት ዞረ፤ ጨለማው ወዲያና ወዲህ ተቀዘፈ።
«አሁን የመጨረሻው ነው፣ አሁን...» አለች ሰዓዳ፤
ተቋረጠ። «ቀሪ ሂሳብዎ» አለች ሌላይቱ፣ የኛን ጭንቅ ሳትረዳ።

ግማሹ ለመነኩሲት ፈረደ፣ ግማሹ ለሹሩባዋ፤
በአንድ ዣንጥላ ሦስት ሆነው፣ ጭቃውን እየመረጡ፣
እየተሟገቱ ወረዱ፤ ሁሉም ከነዋንጫዋ።

ስኒ ሰበሰብኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ።
ሳሎኑ ጭር ብሏል፤ ወንበሬ ነጻ ወጣ።
ተቀመጥኩ።
ማን እንዳሸነፈ አይልም፤ ሜዳው ብቻ ነው፣ ሰው የሌለበት፣
መሐሉ ለምለም፣ ከኋላው መስመር ዘንድ ግን ሣሩ ተልጦ አፈር የወጣበት፣
ቆመው ኳስ ሲጠብቁ ደጋግመው የረገጡት፤
ልክ እንደ ሆቴሉ ምንጣፍ፣
ከወንበሮቹ ጀርባ፣ እኔ የቆምኩበት።