ጎዶሎ ቁጥር

ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ፣
የአበርዲን ጉም ተከትሎኝ እንዳይገባ መስኮቱን እዘጋለሁ፤
ወንበር እደረድራለሁ፦
ለዳኞች ሦስት፣ ለእኔ ለጸሐፊዋ አንድ፣
ለተከሰሰው ልጅ አንድ፣
ከጎኑ ደግሞ አንድ፣ ለሚያጅበው ጓደኛ ወይ ዘመድ።
የስድስቱም ቁመት እኩል ነው፤ በሜትር ለክቻለሁ።
(ደንቡ አይልም። እኔ ነኝ ያልኩት።)
ውሃ በጆግ። ብርጭቆ ስድስት። የሶፍት ካርቶን አንድ፤
ሶፍቱን ልጁ ፊት አላስቀምጥም፤ "ታለቅሳለህ" ብሎ እንደመፍረድ
ይሆንብኛል፤ ጥግ አደርገዋለሁ፣ እጁ ግን እንዲደርስ፣
እንባ ከመጣበት እንዲያብስ።

ዳኞቹን ከመዝገብ አወጣለሁ። ሠላሳ ስም ተደረደረ፤
ያስተማረው ቀረ፣ ጎረቤቱ ቀረ፣ አብሮት የቀዘፈው ቀረ፣
ስሙን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሦስት ሲተርፉ ሸንጎው ተጀመረ።

ሰብሳቢዋ አይዞቤል ታሎክ ናት፣ የአፈር ተመራማሪ፤
ቀጥሎ ኒኒያን ጌዴስ፣ የሒሳብ መምህር፣ ሲጠየቅ ብቻ ተናጋሪ፤
ሦስተኛዋ ግሪር ሙዋት፣ ራሷም ተማሪ፣
መዳፏ ላይ በእስክርቢቶ የፈተናዋን ቀን የጻፈች።
"ለምንድን ነው ሦስት የሆንነው?" ብላ ቀድማ ጠየቀች።
"ድምፅ እኩል ለእኩል እንዳይከፈል፣ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት።"
"አንዳችን ብንቀርስ?"
"ያኔ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ሁሉም ወደ ቤት።"
የራሴ መልስ ራሴን ገረመኝ፤
ምልዓት የምንለው ከጎዶሎ ነው የተሠራው፤ ስንት ዓመት ስጽፈው ኖሬ
አላየሁትም እስከ ዛሬ።

ልጁ ገባ። ፊንሌይ ሬኒ፣ ከፍሬዘርበርግ፣ ኮቱ እርጥብ።
አጃቢ የለውም።
"ባለፈው ወር በአሥራ አንደኛው ሌሊት የቀዛፊዎቹን ጀልባ ያለፈቃድ ወስደሃል፤
ዲ ወንዝ አፍ ላይ ጎኗ ተሰብሮ ተገኝታለች። አምነሃል?"
"ወስጃለሁ።"
"ለምን?"
ዝም።
ዝምታ ቃለ ጉባኤ ላይ ቦታ የለውም፤ ሰረዝ አደረግሁ።
ሰረዝ ላይ ሰረዝ። ጣራው ላይ የባሕር ወፍ ስትጮህ ሰማሁ።

ግሪር ሙዋት ከተሰጣት የጥያቄ ዝርዝር ወጣች፦
"መቅዘፊያዎቹስ?" አለች።
"መልሻቸዋለሁ። ደርቀው መስቀያቸው ላይ ናቸው።"
"ከወንዙ አፍ? በእግርህ?"
"በትከሻዬ ተሸክሜያቸው።
ጀልባ ትሰበራለች፣ መቅዘፊያ ግን አይጣልም ይል ነበር አባቴ።"

ይላል አላለም። ይል ነበር።
ቀጥ አለ ጽሕፈቴ።
ጌዴስ መነጽሩን አወለቀ። መቼ፣ የትኛው ባሕር ላይ፣ ማንም አልጠየቀ፤
እኔ "ነበር" ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩም አሰመርኩ፣
ማስመር ባይፈቀድልኝም።

ሊመክሩ ሲሉ ልጁ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ፤ ድምፅ የለኝም።
ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ስለ ጉዳዩ ማውራት ክልክል ነው።
"ይበርዳል" አልኩት።
"ይበርዳል" አለኝ።

ሃያ ደቂቃ። ሁለት ለአንድ። ማን በየት በኩል እንደሆነ አልናገርም።
የጥገናውን ግማሽ ይክፈል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባ ቤቱ ይሥራ፤
ይግባኝ አለው፣ አሥር ቀን፤ ደብዳቤውን እልካለሁ በአደራ።

ሁሉም ሲሄድ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፋሁ፤
አምስቱ ሞቀዋል።
ስድስተኛው፣ ከልጁ ጎን የነበረው፣ እንደቀዘቀዘ ነው፤ እጄን ጫንኩበት።
ከቅጹ ግርጌ አንድ መስመር አለ፦ የተገኙ ሰዎች ብዛት።
አምስት።
ጎዶሎ።
ጻፍኩት።