የኦብዱሊያ ሚስማር

ሉጎ የገባሁት በካፊያ ነበረ፤
አውቶብሱ ከግንቡ ሥር ጥሎኝ ዞረ።
የጥላዬ ዘንግ መንገድ ላይ ተሰብሮ፣
ካልሲዬ ውኃ አዝሎ፣ አንገቴ ተቀብሮ፣
ቀና ብዬ አየሁት፦
ጥቁር፣ ርጥብ፣ ዝም ያለ፣
ከተማውን ሙሉ በጉያው ያዋለ።

ከእንግዳ መቀበያው ያገኘሁት ወረቀት
ቁጥር ብቻ ነበር የነበረው እውቀት፤
በሩ አሥር፣ ማማው ሰባ ምናምን፣
ዙሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር፣
ዕድሜው ሺህ ሰባት መቶ ዘመን።
ማን ጠረበው? የማን ጣት ተቀጠቀጠበት?
አንድ ስም የለበት።

«ሮም ያቆመችው ቅጥር» ይሉታል በአጭሩ፤
በቅጥር እጅ እኮ ነው የቆመው ቅጥሩ፦
በቀን ሂሳብ፣ በጨውና በዳቦ፣
ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ቤቱን ተርቦ፣
ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲጭን የዋለ፣
ደሞዙን ተቀብሎ ስሙን የጣለ።

ከውስጥ፣ ከጫማ መሸጫው ፊት፣ መንገዱ መስተዋት ነው፤
ከሥሩ መብራት፣ ከመብራቱም ሥር የአንድ ሀብታም ወለል ነው፣
ዓሣና ማዕበል በጠጠር የተሣለ።
አንድ ልጅ ላዩ ላይ በአንድ እግሩ ዘለለ፣
ዓሣውን ላለመርገጥ።

ታሪክ ፍለጋ ደረጃውን ብወጣ፣
ያገኘሁት ሰው ነው፣ ለእግር ጉዞ የመጣ፦
«ተራመድ» ብሎ ሐኪም ያዘዘው ወፍራም ሰው፣
ጋሪውን አቁሞ ልጁን ደርቦ የሚያለብሰው፣
የተጣሉ ባልና ሚስት፣
አንደኛውን ዙር በዝምታ፣
ሁለተኛውን በጫጫታ፣
ሦስተኛውን አላየሁት።
ጠላት ይመክት ዘንድ ያኔ ያቆሙት ቅጥር
ዛሬ የሚዋጋው ከደም ብዛትና ከስኳር።

ኦብዱሊያን ያገኘኋት ከአንዱ ማማ ጥግ ነው፤
ዕድሜዋ ሰማንያ አንድ፣ ኮቷ የሟች ወንድሟ ነው።
«ፎቶ ነው የምታነሣው?
ከዚህ ምን ይታያል? ና ውረድ፣ ነገሩ ታች ነው።»

በእጅጌዬ ጎትታኝ፣ በሩን አሳልፋኝ፣
ሣሩን በጫማዋ ለክታ አቆመችኝ።
«ወጥ ቤታችን» አለች። ባዶ አየር ከፈለች፣
ምድጃውን፣ መስኮቱን፣ የባልቢኖን አልጋ በጣቷ ተከለች።
«ሦስቱን ግድግዳ አባቴ ሠራ፤
አራተኛውን ሮም አዋጣች።
ክረምት ሲገባ ያልበው ነበር ድንጋዩ፤
እናቴ በጨርቅ ትጠርገው ነበር፣
እንደ ትኩሳታም ልጅ፣ ከላይ እስከ ታች።

«ኋላ መሐንዲስ መጣ፣ ክራቫት ያሠረ፤
'ግንቡ ይታይ' አለ፣ የኛን ቤት ቆጠረ።
ይታይ! ማን ይጠላል? ሠላሳ ቀን ሰጡን።
አባቴ ለሌላ እጅ አልሰጥም ብሎ ጣራውን፣
ወጥቶ ራሱ አወረደው፣ አንድ አንዱን፣ አንድ አንዱን።
ጎረቤት ሁሉ አልቆ ግንቡ ብቻውን ቀረ፤
ቆንጆ ነው፣ አለ ሁሉም። ቆንጆ ነው። አማረ።»

ከዚያ በጣቷ ጫፍ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
በሁለት ድንጋይ መሐል ስትዳብስ ቆየች።
«ይኸው» አለች።
ሚስማር።
ዝገቱ ከድንጋዩ ቀለም ጋር የተማከረ።
«የእናቴ መጥበሻ መስቀያ ነበረ።
ባለሙያው በየዓመቱ ይመጣል፣ ይለካል፣
ማማ ይቆጥራል፣ ስንጥቅ ይመዘግባል፣
ይህን አላየም። ብነግረው ይነቅላል።
አንተም ፎቶ አታንሣ።»

ስልኬን ወደ ኪሴ መለስሁ።

ፌስታሏን ሰቀለችበት፦
አንድ ዳቦ፣ ሁለት ባሮ ሽንኩርት፣ የመድኃኒት ወረቀት፤
እጆቿን አስለቅቃ ሻርፗን እስክታስር።
ሚስማሩ ትንሽ ሰገደ መሰለኝ።
ግን ያዘ።
ከላያችን፣ ጠጠሩ ላይ፣ የእግር ድምፅ አለፈ፤
የሁለት ሰው ይሁን የአንድ
በዝናቡ አልለይ አለኝ።