አመነ

ከሸዋ ሮቢት ጣቢያ የደረሰን ወሬ
ሁለት ቃል ነበረ፣ ያነሰ ከፍሬ፤
«ምንዳዬ አመነ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ስልኩን ደፋው ጠረጴዛ ላይ፣
ጥርሱን በስንጥር ጎረጎረ፣ ዝም አለ፣ እኔን ሳያይ።
ደብረ ብርሃን ያን ሌሊት ውርጭ ነበር ደጁ፣
ከሰል ምድጃው ላይ ዘርግቶታል እጁን፣ አይንቀጠቀጥም እጁ።
«ክርስትና ያነሳሁት፣ ስም ያወጣሁለት!
ዋስ ልኬያለሁ፤ ነገ ማለዳ ይፈቱት።
አንተ ሂድ አምጣልኝ። ወዳጁ ነህ፣ ያምንሃል።
ጉም ካለበት ብቻ… መንገዱ ይጠባል።»

ባዶውን አይሱዙ ቁልቁል ለቀቅኩት፣
ዋሻው ሲውጠኝ መብራቱን አበራሁት።
ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ፣ ሁለት ጥቅል፤
አንዱ ለእሱ ነበር። እጄ ነው የገዛው፣ እኔ ምን ልበል?

ከጣቢያው ሲወጣ ጫማው ክር የለውም፣
ሲያየኝ ሳቀ እንጂ፣ ማን ላከህ አላለም።
ገባ። በሩን ዘጋ። ቆሎውን ዘገነ።
መንገድ አልጠየቀም፤
ዝም ብሎ አመነ።

አርማንያን ስናልፍ እንቅልፍ ጣለው፣
ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ራሱ ትከሻዬን ነካው።
ከዋሻው በታች ግን ጉሙ መንገድ በላ።
ቆምኩ። ነቃ። «ታኮ ላድርግ፣ እንዳትንሸራተት ወደ ኋላ»
ብሎ ወረደልኝ፣ ድንጋይ አቅፎ በእጆቹ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቁት ጭላዶቹ፣
ገደሉና እኔ ነን።

በአርባው ጋሽ ወንድይፍራው ሰንጋ ገዝቶ ጣለ፣
ድንኳን ውስጥ አለቀሰ፣ «ልጄን መንገድ በላው» እያለ።
እናቱ እጄን ሳመች፣ ወንድሙ ነህ ብላ፣
ንፍሮ ዘገነችልኝ፤
ሆድ አያፍርም፣ በላ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ቃሉን የጻፈው
ፖሊስ ጠላ ቤት አገኘኝ፣ ሞቅ ሲያደርገው፦
«ያ ምንዳዬ የሚሉት… ሦስት ቀን ጠይቀን ጠይቀን
አመነ በመጨረሻው፣ እንዲህ ብሎ ገላገለን፤
‹ሲጋራው የኔ ነው፤ የላከኝ የለም ሰው።›
ፈረመ በአውራ ጣቱ፣ ቀለሙን በሱሪው አበሰው።»

ጠላዬን አልጨረስኩም።

ዛሬ ማታ ደግሞ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።
«አዲሱ ረዳት ሮቢት ላይ ተያዘ፤ አንተን ነው የማምነው።»
ሞተር አስነሳሁ። ከመቀመጫዬ ሥር ያች ድንጋይ አለች፤
በየመታጠፊያው ትንከባለልና
እግሬን ትነካለች።