አርባ አንደኛዋ

ሆኪው ካበቃ ኋላ ሥራዬ ይጀምራል፤
የተጫረ በረዶ በሙቅ ውኃ ይሽራል።
ያን ለታ በዊኒፔግ፣ ጥር ጥርሱን ሲያፋጭ፣
የመጨረሻው ተመልካች ወጥቶ ወደ ውጭ፣
ማሽኔን አስነሥቼ አንድ ዙር እንደሄድሁ፣
ከሰሜኑ መረብ ሥር ሰው ተቀምጦ አየሁ።
ኮርኒ ፍሪዘን ነው። ትጥቁን ሳያወልቅ፣
በረኛው ብቻውን ባዶ ሜዳ ሲጠብቅ።

በዚያ ምሽት አርባ አንድ ጊዜ ተተኮሰበት፤
አርባውን መለሰ በዱላ፣ በጓንት፣
በጉልበት፣ በደረት፣
አንዲት ጥቁር ጎማ ሾልካ ገባች በብብት።

ዐሥራ አምስት ሺህ ሰው አርባዋን ረሳ፤
ስለ አንዷ ብቻ ነው ጩኸቱ የተነሣ።
ከሦስተኛው ረድፍ አባት፣ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣
ጮኸበት፣ «ስታይንባክ ሂድና ላም ጠብቅ!» ብሎ።
ኮርኒ አልመለሰም።
ጭምብሉ ላይ የተሳለው ተኩላ ጥርሱን ያሳያል፤
ከተኩላው ኋላ ያለውን ከዚያ ርቀት ማን ያያል?

ማሽኑን አጠፋሁ። «ታመሃል ወይ?» አልሁት።
«ጉልበቴን በራጅ አዩት፤ ትከሻዬን አሹት።
ለጉልበት በረዶ፣ ለትከሻም በረዶ፤
ለዚህኛው ግን ምን ይደረጋል ከቶ?»
አለና እጁን አነሣ፤
ወደ ራሱ ይሁን ወደ ልቡ ሳይለይለት፣
ያ ትልቅ ጓንት
አየር ላይ ቀረ፣ የሚያርፍበት ጠፍቶት።

«ስተኛም ትመጣለች» አለኝ፣ «ያቺው ጎማ፤
ትራሴን ታቅፌ ስመልስ በጨለማ
ይነጋል። ማክሰኞ ግጥሚያ አለ፣ ሐሙስ ግጥሚያ አለ፣
ቦታዬን በዓይኑ የሚለካ ልጅ አለ።
ይህን ብናገር
ማን ያቆመኛል በር?»

ምን ልበለው? ሐኪም አይደለሁ። በረዶ ግን አውቃለሁ፤
ሊሰበር ሲል ይጮኻል፣ ወንዙ ላይ ሰምቻለሁ።
የጮኸው አይደለም ሰው የዋጠ፤
ዝም ያለው ነው። ይህን ነገርሁት፣ አፌ እየተንቀጠቀጠ።

ጓንቱን ባንድ ጥርሱ ጎትቶ አወለቀ።
በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የእህቱ ብቻ ነው፤
በኔ ስልክ ደወልነው።
ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ መብራቱ በሰዓቱ ጠፋ።
በጨለማው ውስጥ ድምፁን ሰማሁ፦
«ኤልፍሪዳ? እኔ ነኝ።
…
አይ። ደኅና አይደለሁም።»

ማሽኑ ውስጥ ያለው ውኃ ቀዝቅዞ ነበር።
በዚያ ሌሊት ከመረቡ ሥር ያለውን ጭረት
እንዳለ ተውሁት።