ቀለም፦ ቡናማ

ርዝመት፦ አምስት ሚሊ፣ ከነጋሻው ጠርዙ።
ቀንድ፦ አሥራ አንድ አንጓ።
የተገኘበት፦ ሐርቡ፣ ቦርከና፣ ከወንዙ
ማዶ፣ ስኳር ድንች ማሳ።
«ቀለም» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ
እጄ እንቢ አለ።

ያሳየችኝ ጦይባ ሙሄ ናት፤ አረሟን ጥላ፣
ቅጠሉን በጣቷ ገልብጣ፣ «እየው» ብላ።
ከጉትቻዋ የረገፈ ፍሬ መስሎኝ ነበር፤
እግር አወጣና በቅጠሉ ጅማት ሽቅብ ይሄድ ጀመር።

ብልቃጥ። አልኮል። ክዳን።
የሐረጎን ዳገት ሳንጨርስ፣ በሚኒባሱ መስኮት አንሥቼ ባየው፣
ወርቁ ሄዷል፤ ሰሙ ነው የቆየው።

ሕጉ የሚያምነው የተሰካውን ነው፣ የታየውን አይደለም፤
ስም የሚወጣው ለመርፌው ነው፤
ቅጠሉ ላይ ለቀረው የለም።

ደሴ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን
ነቁጦቹን ቆጠርሁ፤ ሁለቴ ተሳሳትሁ።

ቅዳሜ ሳጥኑን ይዤ ወረድሁ። ጦይባ አየችው፣
ዓይኗን አጥብባ፣ አፈር በያዘ ጣቷ ገፋ አደረገችው፦
«ይሄን ማን ሰጠህ? የኔውን ምን አረግኸው?»

«ቀለም፦ ቡናማ፣ ደብዛዛ» ብዬ ጻፍሁ። ናሙናው ይመሰክራል።
በስሟ ጠራሁት፤ ነገርኋት፤ ምንም አልመሰላት።
ዛሬም፣ ባገኘችኝ ቁጥር፣
«የኔን መልስ» ትለኛል።