የኅዳጉ ጽሑፍ

እኔ ሐኪም አይደለሁ፤ ካርድ ቤት ነው ሥራዬ፣
ትሮምሶ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት ነው ጓዳዬ።
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ፀሐይ ሳትመጣ፣
ከሻገተ ፋይል ሙታንን ሳወጣ፣
ሳላቸውን ሁሉ ከነትኩሳቱ
ለማሽን አጎረስኩ፣ ከነቁርጥማቱ።

ማሽኑ አያውቅም የሕክምና ሕግ።
የሚያውቀው አንድ ነው፦ ነገርን ነገር ያነሳዋል።
አዲስ በሽተኛ ደጅ ሲቆም፣ የድሮውን ይጠራል፤
«ይህኛው ያንን ይመስላል፤ ያኔ እንዲህ ተደረገ፣
እንዲህም ሆነ» ይላል።
የቀረው የሐኪም ነው።

ቁጥር አንድ ሺህ አርባ። ኢንግቫልድ፣ የአቆስጣ አዳኝ።
ጣቱ አብጦ መጣ፤ ፔኒሲሊን ሰጡት፤
ደግሞ ፔኒሲሊን፤ ኋላ ላይ ቆረጡት።
አዳኙን የሚያድን አልተገኘም ያኔ።
ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ የዶክተር ሃልቫርድ እጅ፦
«ተሳስቻለሁ። የአውሬው ንክሻ ነው እንጂ
ተራ ቁስል አልነበረም።
ቴትራሳይክሊን መስጠት ነበረብኝ።»

ቅጹ ግን ለእንዲህ ያለ ቃል ስፍራ የለውም፤
ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ጸጸት ግን የለም።
ልዝለለው አልኩ።
ሃልቫርድ ሞቷል፤ ልጁ ሠፈራችን ዳቦ ቤት ከፍቷል፤
የሙትን ስሕተት ማን ይቀሰቅሳል?
ሻዬ ቀዘቀዘ።
ጻፍኩት።

በመጋቢት ማታ አውድሂልድ መጣች፣
ልጆች ቫዮሊን የምታስተምር፣
የግራ እጇን ጣት በሻርፕ ጠቅልላ።
ዶክተር ሲነቨ ፔኒሲሊን ልትጽፍ ስትል
ማሽኑ አንድ ካርድ መዘዘ፦ ሰባ አንድ ከመቶ።
ሳቀች። «አዳኝና ቫዮሊን!»
ወረድ ብላ ኅዳጉን አነበበች።
ሳቋ ቆመ።
ሃያ ዘጠኙ የጎደለው የት እንዳለ
ማሽን አይጠይቅም፤ እሷ ጠየቀች፦
«አቆስጣ ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሑድ፣ ባሕሩ ዳር» አለች፣ «መረብ የያዘው ግልገል
ሳላቅቅ ነከሰኝ። ትንሽ ስለነበረ
ማንም አልነገርኩም።»

ትናንት ካርዷ ደረሰኝ፤ አንድ ቁጥር ጨመርኩ።
ሥራ፦ መምህርት። ውጤት፦ ጣቷ ይታጠፋል።
ከሥሩ የሲነቨ ቃል፦ «እኔም ልስት ነበር።»
አሁን ይህንን የምጽፍበትን ሳጥን አውቃለሁ፤
ራሴ ነኝ የሠራሁት።

ጠዋት ዳቦ ቤት ገባሁ። የሃልቫርድ ልጅ
እጁ ዱቄት እንደለበሰ መልሴን ቆጠረልኝ።
ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣
አንድ ዳቦ ደገምኩ።