ፕላስቲኩ አወራ

አባቴ ኮምቦልቻ ምሰሶ ሲወጣ፣
እኔ ከታች ሆኜ ስጠብቅ እስኪመጣ፣
አንድ ሕግ ነበረው፣ ለረዳት ለልጁም፤
በዚያች ሕግ ኖሮ አልተነካ እጁም፦
«ብረት ወሬኛ ነው፣ የሰማውን ያወራል፤
ፕላስቲኩን ያዢ፣ እሱ ምስጢር ይቋጥራል።»

አሁን ጁቤል ነኝ።
ነሐሴ ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው የሚነሳው ወበቅ
የላብራቶሪውን መስኮት ከውጭ ያልበዋል፤
የማጣሪያው ነበልባል በዚያ ላብ ውስጥ ይዋኛል።
ሥራዬ ብልቃጥ ማጠብ ነው፤
ሦስቴ በውኃ፣ አንዴ በአሴቶን፣
ከዚያ አፋቸውን ደፍቼ መደርደር።

«ነዒማ፣ ነይማ እይ» አለኝ ዶክተር ሙዓዊያ፣
ገዳሪፍ ገበያ በቃረማት አማርኛ።
በታሸገው ብርጭቆ ውስጥ ስስ ቅጠል፣
ብር የመሰለ፣ ግን ፕላስቲክ፤
ከጋዝ የተፈተለ፣ ካርቦን ከካርቦን እጅ ለእጅ፣
አንዱ ጥንድ፣ አንዱ ነጠላ፣
አንዱ ጥንድ፣ አንዱ ነጠላ፣
እንደ ጥለት።
አራት ሽቦ ነክሶታል።
ቆጣሪው ጭጭ።
«እስካሁን አባትሽ ልክ ነው» አለ፤
ከዚያ የአዮዲኑን ቧንቧ ከፈተ።

ያ ልጅ ሳለሁ የተላጠ ጉልበቴን የቀቡኝ አዮዲን
ሐምራዊ ትንፋሽ ሆኖ ገባ።
ቅጠሉ ጠቆረ።
ቆጣሪው ባነነ፤ ዘለለ፤
ዶክተሩ መለኪያውን ሁለቴ ከፍ አደረገለት፣ አልበቃውም።

«ምን ሰጠኸው?»
«ሊወስድ እንጂ ሊሰጥ አልመጣም።
ከሰንሰለቱ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ሰረቀ።
ሞልቶ ሳለ ማን ይነቃነቃል?
አንዱ ሲሄድ ቦታው ክፍት ሆነ፣
ጎረቤቱ ወደ ክፍቱ ገባ፣
የጎረቤቱም ቦታ ተከፈተ…
የሚራመደው ጉድለቱ ነው።»

ብልቃጦቼ ጋ ተመለስኩ።
ቧንቧው እየፈሰሰ፣ እጄ ግን ቆሞ፣
እኔ የወጣሁ ቀን አሰብኩ፦
አልጋዬን ሐያት ያዘች፣
የሐያትን ፍራሽ ኑረዲን፣
የኑረዲንን ጥግ የአክስቴ ልጅ፤
እስከ በሩ ድረስ ሁሉም አንዳንድ ስንዝር ተጠጋ።
በየወሩ የምልከው ሪያል
በየት በኩል እንደሚያልፍ
እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

ማታ ደወልኩ።
«አባ፣ ዛሬ ፕላስቲክ ሲያወራ ሰማሁ።»
ጡረታ የወጣ ሰው ዝምታ ረጅም ነው።
ሬዲዮውን ሲቀንስ፣
ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል።
ይስቃል ብዬ ነበር።

«ምን አጉድለውበት ነው?» አለኝ።